የባሌ ምንጮችና የአባቶች ሥርዓት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው የከተማውን ባሕር ዛፍ ከለቀቀ በኋላ የጥዱንና የኮሶውን ዱር፣ ቀጥሎም የአስታውን ቁጥቋጦ አልፎ ሳነቴ ከተባለው ሜዳ ላይ ይወጣል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከእርሱ ላይ የሚነሣው የቱሉ ዲምቱ ራስ 4377 ሜትር ይደርሳል። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በቀይ ቀበሮውና በጅባራው ላይ ነው፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንወደው ከእግሩ ሥር ስላለው ውኃ ነው። ሣሩና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ እንደ ጥጥ መጥጦ ይይዝና በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። የወይብ፣ የወልመልና የዱማል ወንዞች ከዚሁ ተራራ ይነሣሉ፤ ዋቤ ሸበሌና ገናሌም ከተራራው ብዙ ውኃ ይቀበላሉ። ይህ ውኃ ወርዶ ወርዶ የሶማሌን ቆላ ያጠጣል፤ ከኢትዮጵያም ወሰን ያልፋል።

ስለዚህ ባሌ ላይ ምንጭ ሲደፈርስ ወይም ሲደርቅ ጉዳቱ የአንድ ቀበሌ ጉዳት ብቻ አይሆንም። መንግሥት በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ማቋቋሙ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሪያድ የተሰበሰበው 45ኛው የዓለም ቅርስ ጉባኤ ይህንኑ ቦታ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለዚህ ሀብት የተሰጠውን ክብር ያሳያል። ነገር ግን ከፓርክ ዘበኛና ከመዝገብ በፊት፣ ምንጩንና ዛፉን ይጠብቅ የነበረ ሌላ ሥርዓት አለ። ይኸውም የሃይማኖት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ለጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ደግሞም በምን ስፍራ ላይ ብቻውን እንደማይበቃ ለመምህራንና ለከተማው ሕዝብ መግለጥ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሃይማኖት ተፈጥሮን ይጠብቃል ወይስ ያጠፋል የሚለው ጥያቄ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ያከራከረ ነው። በ1959 ዓ.ም. ሊን ዋይት የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ መምህር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የምዕራቡ ዓለም ክርስትና ሰውን የፍጥረት ሁሉ ጌታ አድርጎ በማስተማሩ ለተፈጥሮ መጎዳት ብዙ ተጠያቂነት አለበት ብሎ ነበር። ይኸው ሰው በጽሑፉ መጨረሻ የአሲሲውን ፍራንሲስን በምሳሌነት አንሥቶት ነበር፤ በመስከረም 1979 ዓ.ም. ደግሞ የአምስት ሃይማኖቶች ተወካዮች በዚያው በአሲሲ ከተማ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ስለ ፍጥረት አጠባበቅ የሃይማኖታቸውን ትምህርት አስታውቀዋል። ዋይት ከመጻፉ በፊት ከጎንደር ደብሮች አንዱን አይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር እንጃ! በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሁሉ ታርሶ ራቁቱን በቀረበት አገር፣ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ እንደ ጥቁር አረንጓዴ ዘውድ ከብበውት የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ብቻ ነውና። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፣ በጠቅላላው 500 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ቈጥረዋል። እነዚህን ዛፎች የጠበቃቸው መጥረቢያ የያዘ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቃል ነው፤ የደብሩን ዛፍ የቈረጠ ሰው እንደ ተራ ሌባ ሳይሆን ቅዱስ ነገር እንደ ደፈረ ይቈጠራል።

ሆኖም ከዚሁ ጥናት አንድ ልብ የሚባል ነገር ተገኝቷል። መጥረቢያ የማይነካው ደን በከብት ይጎዳል። ከብቱ ከበሰለው ዛፍ ሥር የወጣውን ቡቃያ እየረገጠና እየበላ ስለሚያጠፋው፣ ያረጀው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም። ስለዚህ በብዙ ደብሮች ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻው የተለቀመውን ድንጋይ እየካቡ ቅጽሩን ማጠር ጀምረዋል። ስለ ምንጭ በምንናገርበት ጊዜ ወደዚህ ወደ ካቡ ነገር እንመለሳለን።

ወደ ባሌ ስንመለስ፣ የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ኦሮሞ ሲሆን በከተሞቹ ክርስቲያኖችም ብዙ ናቸው። ከሁለቱም ሃይማኖቶች በፊት የነበረው የኦሮሞ የዋቄፈና ሥርዓት ደግሞ በሕዝቡ ልማድ ውስጥ እስከ ዛሬ ሥሩን አልነቀለም። ኦዳ የተባለው ትልቅ ዛፍ የጉባኤና የፍርድ ስፍራ በመሆኑ አይቈረጥም። በኢሬቻ በዓል ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በክረምቱ ማብቂያ ወደ መልካ፣ በበጋው ደግሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ምስጋናውም ዝናብን ለሰጠ ፈጣሪ ነው። በባሌ ደጋ ላይ ሆራ የሚባሉ ማዕድን ያላቸው ምንጮች አሉ፤ እረኛው ከብቱን በየጊዜው ወደዚያ እየነዳ ያጠጣል። በጎረቤት በቦረናም የጥልቅ ጕድጓዶቹን የተራ ሥርዓት የሚመራ አባ ሄረጋ የሚባል ሹም አለ፤ ከብቱም ከገንዳው ይጠጣል እንጂ ከውኃው ዓይን ላይ አይቆምም። ማንም የጤና ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ደንብ ሊያወጣ አይችልም።

የእስልምና ትምህርት በዚህ ጕዳይ እጅግ የተብራራ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ዛፍ የተከለ ሰው፣ ከዚያ ዛፍ ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ምጽዋት ሆኖ እንደሚታሰብለት አስተምረዋል። በማይፈስ ውኃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። ለውዱእ እንኳ ውኃን ማባከን የተነቀፈ ነው፤ በወንዝ ዳር ቆሞ የሚታጠብም ሰው ቢሆን። ከዚህም በላይ በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳት የሰውን እርግማን የሚያመጣ ሥራ ተብሎ ተነግሯል። በብሉይ ኪዳንም በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23፣ ሠራዊት በሰፈረ ጊዜ ሰው ሁሉ ከሰፈሩ ውጭ ወጥቶ፣ መቈፈሪያ ይዞ፣ ዓይነ ምድሩን በአፈር እንዲከድን ታዝዟል። ሰባኪውና ኢማሙ በዚህ ወር ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ ለማስተማር ቢፈልጉ ከዚህ የተሻለ ርእስ ከጤና ጽሕፈት ቤት መለመን አያስፈልጋቸውም።

በባሌ ምሥራቅ ሁለት ታላላቅ የዝያራ ስፍራዎች አሉ። አንደኛው ድሬ ሼህ ሑሴን ነው፤ ከሩቅ አገር ሁሉ ባላ የሆነ በትር የያዙ ምእመናን በየዓመቱ ወደ መቃብሩ ይጎርፋሉ። አገሩ ቆላና ውኃ ያጠረው በመሆኑ፣ ሐሮ የሚባሉት የዝናብ ውኃ ኩሬዎች እንደ መስጊዱ ሁሉ የተከበሩ ናቸው። ሁለተኛው ሶፍ ዑመር ነው። በዚያ ስፍራ የወይብ ወንዝ በነጭ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሰወርና በሌላ በኩል ይወጣል፤ የዋሻው መንገድ ሁሉ ቢለካ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሼህ ሶፍ ዑመር ተጠግተውበት ኖረዋልና ስፍራው ቅዱስ ነው። እዚህ ላይ የጎባና የሮቤ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስብ እንለምናለን። የጎባው ጦጎና እና ከሮቤ አጠገብ የሚያልፈው ሻያ ሁለቱም ወደ ወይብ ይገባሉ። በከተማ ከወንዙ ዳር የተጣለው ላስቲክ፣ ወደ ቦዩ የተለቀቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የታጠበው የመኪና ዘይት ሁሉ መንገዱ ወደ ሶፍ ዑመር ነው። እዚያ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ የሚገባ ሰው፣ እዚህ ከቤቱ በስተኋላ በዚያው ውኃ ላይ ቆሻሻ ይደፋል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ነገር ግን የወንዙን ዳር እንደ ዝያራ ስፍራ የሚያይ ሰው አዋጁን ሳይጠብቅ ይተወው ነበር።

ዛፉ ለምንጩ ምን ያደርግለታል የሚል ቢኖር፣ ነገሩ ቀላል ነው። የወደቀው ቅጠልና ሥሩ አፈሩን እያላላ ዝናቡን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ዛፉ በሌለበት ውኃው በላዩ ላይ ይሮጣል፣ አፈሩንና የከብቱን እበት፣ የሰውንም ዓይነ ምድር እየጠረገ ወደ መቅጃው ያወርዳል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ የሐረናን ደንና የአስታውን ቁጥቋጦ በስፋት የፈጀ በመሆኑ ዛሬም የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው። ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የማይናቅ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ውኃን አጥብቆ የሚጠጣ ስለ ሆነ በምንጭ ራስ ላይ ሊተከል አይገባውም። በደብርና በመስጊድ ግቢ ጥዱ እያረጀ በምትኩ ባሕር ዛፍ ሲበቅል ማየት የተለመደ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

(ኮሶን ስላነሣን አንድ ቃል እንጨምር። አባቶቻችን አበባውን ለኮሶ ትል ይጠጡት እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኪኒን መውሰድ ይሻላል። ዛፉ በሕይወት ቆሞ ምንጭ ይጠብቅ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከሳነቴ ማዶ በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የኮሌራ በሽታ ተገኘ። በዚያው በባሌ ዞን ወደ በርበሬ ወረዳ ተዛመተ፤ ከዚያም ወደ ጉጂና ወደ ሶማሌ ክልል አለፈ፤ በሚከተለው ዓመትም በብዙ ክልሎች ተሰራጨ። የተራራው ውኃ ንጹሕ ነው፣ ደኑም አልተነካም በሚባልበት አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ዓይነት ንጽሕናን መለየት ያስፈልጋል። በእስልምና ሕግ ውኃ መርከሱ የሚታወቀው ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው በነጃሳ ሲለወጥ ነው፤ በሕዝባችንም ዘንድ በጠቅላላው የሚፈስ ውኃ አይረክስም የሚል እምነት አለ። ይህ ሕግ ለጸሎት መታጠቢያ የሚሆነውን ውኃ ለመለየት የተሰጠ ነው፤ ለዚያም ጕዳይ በቂ ነው። የኮሌራ ተሐዋስያን ግን በዓይን የማይታዩ፣ ቀለም የሌላቸው፣ የማይሸቱና የማይቀምሱ ናቸው። እንደ ብርጭቆ በጠራ ውኃ ውስጥ ይኖራሉ፤ በሚፈሰውም ውኃ አብረው ይፈሳሉ። ይልቁንም ተሐዋስያኑ ከገቡባቸው ሰዎች የሚበዙት ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ለጥቂት ቀናት በዓይነ ምድራቸው እያወጡ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ጤነኛ መስሎ ለዝያራ ወይም ለጠበል የመጣ መንገደኛ፣ ሳያውቀው በሽታውን ይዞ ሊመጣና ሳያውቀው ትቶት ሊሄድ ይችላል። ጥፋቱ የእምነት ጕድለት አይደለም፤ የመጸዳጃ ጕድለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር በቋራ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ስፍራ ኮሌራ የገባው በዚህ ዓይነት ነው። ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ በአንድነት በሰፈረበት ቦታ መጸዳጃ ሲያንስ፣ ፈውስ ፍለጋ የመጣው ሰው በሽታ ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ይህን ስንጽፍ ጠበሉን ለመንቀፍ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። ጠበሉን የሚቀድሰው ጸሎቱና መስቀሉ ነው፤ ስለዚያ መናገር የካህናት እንጂ የጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ አይደለም። ከምንጩ በላይ ማን እንደ ሰፈረ መጠየቅ ግን የሁላችን ሥራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። ለመድኃኒት የተፈቀደው ለካብና ለመጸዳጃ ጕድጓድ ይከለከላል ብለን አንገምትም። በሙስሊሞችም ዘንድ ራስንና ሌላውን መጉዳት የተከለከለ መሆኑ ታላቅ የሕግ መሠረት ነው፤ ውኃው በመልኩ ቢጠራም ጕዳት ያለበት መሆኑ ከታወቀ ኡለማዎቹ ምን ሊመክሩ እንደሚችሉ ራሳቸውን መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ቀደም ብለን ወዳነሣነው ካብ እንመለስ። ደኑን ከከብት የሚያድነው አጥር ምንጩንም ያድነዋል። ምንጭ ሲጎለብት የውኃው ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ተከድኖ ውኃው በቧንቧ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ማንም ሰው እጁን፣ ጣሳውን ወይም እግሩን አይነክርበትም። ከበላዩ የጎርፍ መከላከያ ቦይ ይቈፈራል፤ ዙሪያውም ይታጠራል። መጸዳጃው ከምንጩ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቈፈራል። የከብቱ ገንዳ፣ የልብስ ማጠቢያውና የመጠመቂያው ስፍራ በየተራቸው ወደ ታች ይሆናሉ፤ የመጠጡ መቅጃ ከሁሉ በላይ ይቀራል። በአጥሩ ውስጥ የአገር ዛፍ ቢተከል፣ የደብር ወይም የመስጊድ ቅጽር የሚያህል ክብር ቢሰጠው፣ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም።

በጎባና በሮቤ ውኃን ስለ ማፍላት ለየት ያለ ምክር አለን። ውኃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከፍታው ከ2700 ሜትር በሚበልጠው በጎባ ግን 91 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚፈላው። ስለዚህ በቆላ አገር አንድ ደቂቃ መንፈቅፈቁ የሚበቃ ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሊንፈቀፈቅ ይገባል። ማገዶ ለማትረፍ የሚሻ ሰው ውኃ አጋርን የመሰለውን የውኃ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ከባድ ተቅማጥና ትውከት ለያዘው ሰው አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ኮሌራ ያልታከመን ሰው በሰዓቶች ውስጥ ሊገድል ይችላልና።

ለመምህራን የምናቀርበው አንድ ልመና ነው። ተማሪዎቹን ይዘው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን ወንዝ ወይም ምንጭ ወደ ላይ ተከትለው ይሂዱ። ከበላዩ ስንት ቤት፣ ስንት የከብት በረት፣ ስንት መጸዳጃ እንዳለ፣ የቀረውም የአገር ዛፍ ስንት እንደ ሆነ ልጆቹ ራሳቸው ቈጥረው በካርታ ይሣሉት። ስለዚያ ምንጭ አባቶችና እናቶች ምን ዓይነት ክልከላ እንደ ነበራቸው፣ በማን ስም ይጠበቅ እንደ ነበር ጠይቀው በዚያው ካርታ ጥግ ይጻፉት። ካርታው ሲያልቅ አንድ ቅጅ ለመስጊዱ ኢማም፣ አንድ ቅጅ ለደብሩ አለቃ፣ አንድ ቅጅ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይሰጥ። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው፤ የጥምቀተ ባሕሩ ውኃ ከወዴት እንደሚመጣና ከበላዩ ምን እንዳለ ከዚያ በፊት ታውቆ፣ ለሕዝቡ የሚበቃ መጸዳጃ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት አስቀድሞ ከውኃው በታች በኩል ይቈፈር።